የሰሊማን ተራ ማን ገፋው?

«ሚስቴን ገድለዋታል! ፖሊስ ሳያያት ከዚህ ቤት አትወጣም!»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የደረስኩት ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ልብስ የለበሱ ቀባሪዎች ቃሬዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቆመዋል። ከነሱ በላይ ሁለት ሽማግሌዎች «ተው ልጄ፣ ጀናዛ አይቆይም» እያሉ ይለምናሉ። በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ መቃኑን ይዟል። ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

እኔ ብዙነህ እባላለሁ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ አሥራ አንዱን ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ሳስተረጉም ነው የኖርኩት። ጊዜው በፈረንጆቹ 2021፣ ጁን ሊያልቅ ሲል፣ ሦስተኛው የኮቪድ ማዕበል ሰዉን የሚያጭድበት ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፤ ከቤቴ አልወጣም ብዬ ምዬ ነበር። ካፒቴን ራዴቤ ስትደውል ግን እምቢ ማለት አልችልበትም። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ መርማሪ ናት፤ «ባባ» ትለኛለች። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ እሷን አንቺ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ እርስዎ ትለኛለች ብዬ ወስኛለሁ። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ነኝ።

«ባባ፣ ምን እንደሚል ይንገሩኝ» አለችኝ።

ሰውየው ተማም ይባላል፤ በስም እንተዋወቃለን። ከከተማው ወጣ ባለችው ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ሚስቱ ሰሊማ ኮቪድ ሲይዛት ሆስፒታሉ ሁሉ ሞልቶ ነበርና፣ የኦክስጅን ማሽን ወደሚገኝበት ወደ ዮቪል አምጥቶ የአጎቱ ልጅ ፍላት ውስጥ አስተኛት። እዚህ ዮቪል የመረዳጃ ማኅበራችን አሥራ አራት የኦክስጅን ማሽን አለው። ማሽን የፈለገ ሰው «ደራሽ» የሚባለውን የስልክ አፕ ይከፍታል፣ የበሽተኛውን ስምና ስልክ ቁጥር ይጽፋል፣ «ድረሱልኝ» የሚለውን ይጫናል። አፑ በተራ ያሰልፋል። ማሽን ሲለቀቅ አንደኛ ላይ ላለው ይሄዳል፤ በቃ።

«ተራዋን ገፉት!» አለ ተማም፣ ስልኩን ዓይኔ ውስጥ ሊከተው እየደረሰ። «የማሽኑ ኃላፊ በየሰዓቱ ዝርዝሩን ፎቶ እያነሳ ዋትሳፕ ላይ ይለጥፋል። ይኸው! አራት ሰዓት ላይ አምስተኛ ናት። አምስት ሰዓት ላይ ሃያ ስድስተኛ። ሰባት ሰዓት ላይ ዘጠነኛ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛ! ሁለተኛ ነበረች ጋሽ ብዙነህ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳ አንደኛ። ስም እግር አለው እንዴ? ሰው ነው የገፋት!»

ሰሊማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞተች።

ሁሉንም ለካፒቴኗ አስተላለፍኩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ማስኳን አጥብቃ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ተከተልኩ። ሰሊማ መስኮቱ ሥር በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ እንደተቀመጠች ነበረች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቀኝ እጇ ጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካው መቆንጠጫ አሁንም አለ። ካፒቴኗ ቀስ ብላ አወለቀችው።

«ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት» አለችኝ።

ጠየቅኩት።

«ማን እንደገፋት ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን ብቻ።»

«እንደማገኘው ይንገሩት» አለች። «ሳገኘው ከማንም በፊት እሱ ይሰማል። ከእኔ አፍ።»

ከእኔ አፍ ትበል እንጂ አፉ የኔ ነው። እንዳለችው ነገርኩት። ተማም እጁን ከመቃኑ ላይ አወረደ፣ ቀባሪዎቹም ገቡ። በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ ሲል አንጀቴን በላው።

ያ ቀን ረቡዕ፣ የጁን የመጨረሻው ቀን ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሄድን። የማሽኖቹ ኃላፊ ካሚል ነው፤ ቀጭን፣ ልብሱ በሳኒታይዘር የነጣ፣ ሦስት ሌሊት እንዳልተኛ የሚያስታውቅ ሰው። ተማም ፍላቱን ስንለቅ ስለሱ አንድ ነገር ሹክ ብሎኝ ነበር። ሰሊማን ያኔ አገር ቤት፣ ወራቤ ሳሉ፣ ካሚል ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። እሷ ደግሞ ተማምን መረጠች። ካፒቴኗ ይህን ስትሰማ ቅንድቧ ብቻ ነው የተነሳው።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«እዚችው ወንበር ላይ። ከንጋት እስከ ማታ። ሾፌሩን ጠይቁ፣ ጥበቃውን ጠይቁ።»

«ዝርዝሩን መቀየር ትችላለህ?»

«አልችልም። ማየት ብቻ ነው የምችለው። እንዲያ የተደረገው እኔው ራሴ ጠይቄ ነው፤ ነገ ካሚል ለዘመዱ አደላ እንዳይባል።»

«ሰሊማን ታውቃት ነበር?»

ካሚል መሬት መሬቱን አየ። «የአገሬ ልጅ ናት» አለ።

ካፒቴኗ ስለ ማሽኖቹ ጠየቀችው። አሥራ አንዱ በሽተኛ ጋ ናቸው፣ ሁለቱ ዛሬ ጠዋት ተመልሰው መጋዘን ውስጥ እየታጠቡ ናቸው። አሥራ ሦስት። አሥራ አራተኛው የት አለ? ካሚል ላብ ላብ አለው፤ ያውም በጁላይ ብርድ! «ብልሽት አለበት» አለ። የት ነው ያለው ስትለው መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ።

«ሻም» አለች ካፒቴኗ በሐዘን ድምፅ። ይህቺን ቃል እኔ አውቃታለሁ። ሰው ሲዋሻት ነው የምትላት።

ከሰዓት በኋላ ኮዝሞ ሲቲ፣ ካሚል ቤት ነበርን። እህቱ በሩን ከፈተች። ሳሎኑ ውስጥ ብርድ ልብስ የተደረበበት ነገር አለ። ካፒቴኗ ስትገልጠው የኦክስጅን ማሽን ሆኖ ተገኘ፤ ሆዱ ተከፍቷል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ አጠገቡ ስክሩ ድራይቨርና የተቃጠለ ፊውዝ አለ።

እኔ እንዳየሁት ደሜ ፈላ። ሰው በትንፋሽ እጦት እየሞተ ይሄ ጉደኛ ማሽን ቤቱ ይደብቃል! ካፒቴኗ ክንዴን ባትይዘኝ ያኔውኑ ደውዬ አዋርደው ነበር። እሷ ራሷ ደወለችለትና እኔ በድምፅ ማጉያ አስተረጎምኩ።

«ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አቃጠለው» አለ ካሚል። «መዝገብ ላይ ብልሹ ብዬ ብጽፈው ለባለሙያ ይላክና ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሰሊማ መታመሟን ደግሞ ሰምቻለሁ። በሌሊት ሠርቼ በድብቅ ላደርስላት ነበር። ከተራ ውጪ። አዎ፣ ሌብነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን አልተነሳልኝም! ፊውዙን ቀየርኩ፣ ሞተሩን ፈታሁ፣ እምቢ አለኝ!»

ከዚያ በኋላ የተሰማው ለቅሶው ብቻ ነው። ካፒቴኗ «ምን አለ?» አላለችኝም፤ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ደግሞ በሆዴ የሰደብኩትን ስድብ የምመልስበት ጠፋኝና አፍሬ ወደ መኪናው ወጣሁ።

«ተራዋን የሰረቀው እሱ አይደለም» አለች መኪናው ውስጥ። «ባባ፣ እኛ የምንጠይቀው ማን ተነፈገ የሚለውን ብቻ ነው። ማንስ አገኘ?»

ረቡዕ ዕለት አምስት ማሽን ተለቋል። የተቀበሉት አምስት ሰዎች አድራሻ ነበራት። የመጀመሪያው አቶ ገብረሥላሴ የሚባሉ፣ ዮቪል ሮኪ ስትሪት ላይ የሚኖሩ አዛውንት ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ስንገባ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶ፣ ማሽኑ እየተነፈሰላቸው አልጋ ላይ ተጋድመዋል።

«አባባ፣ አፑ ላይ ማን ጠየቀልዎት?»

«ራሴ ነኛ። ማን አለኝ?» አሉ። «የታችኛው ፎቅ ልጅ ስልኬ ላይ አስገባልኝ። አንዴ ተጫንኩና ጋደም አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተጫንኩት፤ አምስት ሰዓት ላይ ይዘውልኝ መጡ።»

«አንዴ ብቻ?»

«ስንቴ ልጫን? ጥያቄ አንዴ ይበቃል።»

ካፒቴኗ የማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ሽማግሌው ግን ብልጥ ናቸው፤ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ። «የሰው ተራ ነው እንዴ የወሰድኩት?» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ። የሰው ከሆነ ውሰዱት፤ እኔ ጠግቤአለሁ።» ኧረ የእርስዎ ነው፣ ይዳኑበት ብያቸው ወጣሁ።

ሌሎቹንም አየናቸው። አንዱ ባለፈው ወር በሞዛምቢክ በኩል የገባ፣ ከተማው ውስጥ ሰው የማያውቅ። አንዷ ከማኅበሩ ተጣልታ የወጣች፣ ማንም የማይደውልላት ሴት። የቀሩት ሁለቱም ያው ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ። ሁሉም አንዴ ተጭነው የተኙ።

«ሀይቦ» አለች ካፒቴኗ በግርምት፣ መኪናውን ሳታስነሳ። «ባባ፣ ይሄ ዝርዝር ብቸኞቹን ነው የሚወደው። ሰሊማ ብቸኛ ነበረች?»

«ሰሊማ?» አልኩ። «ቶኮዛ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ከቶኮዛ እስከ ዮቪል ለሷ ያላለቀሰ የለም።»

«እንግዲያው አፑን የሠሩትን ይጥሩልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው፣ የካፒቴኗ ቢሮ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሰዎች ገቡ። ጁነይድ ፕሮግራሙን የጻፈው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ላፕቶፑን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዟል። ሳምሪ ደግሞ ፈታኟ ናት። ሥራዋ ይሄ ነው፤ አንድ ድርጅት ውስጥ ሶፍትዌር ሰው እጅ ከመድረሱ በፊት ትፈትናለች። ለማኅበሩ የሠሩት ሁለቱም በነፃ ነው። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላቸዋል፤ እኔ የተቀመጥኩት ለጌጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ዝርዝሩን ከውስጥ የነካ ሰው አለ?» አለች ካፒቴኗ።

«ማንም አልነካም» አለ ጁነይድ። «እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ። ይኸው። ከውስጥ የገባ የለም። ለውጡ ሁሉ የመጣው ከውጭ ነው፤ ከቁልፉ።»

«ከየትኛው ቁልፍ?»

«"ድረሱልኝ" ከሚለው።»

ሳምሪ መናገር ጀመረች።

«አንድ በሽተኛ በአንድ ስልክ ቁጥር ነው የሚያዘው። ለዚያ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ሲመጣ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ይተካል። እንዲያ የተደረገው በሽተኛው አድራሻ ሊቀይር ስለሚችል ነው። አዲሱ ጥያቄ አዲስ ሰዓት ይይዛል። ተራው ደግሞ በሰዓት ነው።»

«ስለዚህ ደግሞ የተጫነ ሰው...»

«ወደ መጨረሻ ይሄዳል።»

ክው አልኩ። ካፒቴኗ ግን ድምጿን አልቀየረችም። «ይህን ፈትነሻል?»

«ፈትኛለሁ። እንደታዘዘው ሠርቷል።» ሳምሪ አንድ ወረቀት ዘረጋች። ሃምሳ ሁለት መስመር፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከታች ዘጠኝ መስመር ባዶ አለ። አጠገባቸው በእጅ ጽሑፍ «በኋላ» ይላል። «ፈተና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሥራውን ይሠራል ወይ የሚል ነው፤ እሱ አረንጓዴው ነው። ሌላው ደግሞ እንዴት ሆኖ ይሠራል የሚል ነው። ሰው ሲበዛበትስ? ኔትወርክ ሲደክምስ? የጨነቀው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲይዘውስ? እሱ ባዶው ነው።»

ለኔ የገባኝ እንደ ታክሲ ነው። ባዶውን ሚኒባስ ሰፈር ውስጥ አዙረህ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጥሩምባው ይሠራል ትላለህ። አሥራ ስድስት ሰው ጭነህ ዳገት ላይ ፍሬን አልያዝክበትም።

«እኔ የፈተንኩት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በጥሩ ዋይፋይ፣ አሥር የሌሉ ሰዎችን ፈጥሬ ነው» አለች። «እያንዳንዱ አንዴ ጠየቀ። "ደርሶናል" የሚለው መልስ በሦስት ሴኮንድ መጣ። ረቡዕ ዕለት አራት መቶ ሰው ባንዴ ሲገባበት መልሱ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ለአንዳንዱ ጭራሽ አልመጣም። ሰው መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል?»

«ይደግማል» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

«ይደግማል። ዘመዱም ይደግምለታል፣ ጎረቤቱም። የኛ ሰው ታሞ ዝም የሚል ማን አለ?» እዚህ ላይ እንግሊዝኛዋ አለቀባትና በአማርኛ ቀጠለች። «ጋሼ፣ እኔኮ ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ! አንድ ሰው ሲታመም ሃምሳ ሰው እንደሚደውል አውቃለሁ! አፑ ቅዳሜ ይለቀቅ ሲባል፣ ሰው እየሞተ ነው ሲባል፣ ሁለት መቶ ሰው ቢጠቀምበት ነው ሲባል፣ እሺ አልኩ። አንድ ሰው አንዴ ነው የሚጫነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ አልኩ!»

አስተረጎምኩ። ለጌጥ አልነበርኩም ማለት ነው።

ካፒቴኗ እጇን ለጁነይድ ዘረጋች። «የሰሊማን መዝገብ ስጠኝ።»

ሦስት ገጽ ነው። ረቡዕ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ለሰሊማ ቁጥር ስልሳ ሦስት ጥያቄ መጥቷል። ከሃያ ሁለት ስልክ። የቶኮዛ ባለሱቆች አሉበት። የአጎቱ ልጅ አለ። እህቷ ዛሂራ ከወራቤ ሁለቴ ተጭናለች። ካሚል ከመጋዘኑ ወንበር ላይ ሆኖ በግል ስልኩ ስድስት ጊዜ። ሠላሳ አራቱ ግን ከአንድ ስልክ ነው። ካፒቴኗ ቁጥሩን ከደብተሯ ጋር አመሳከረች፤ ቀና ብላም አየችኝ።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የተማም ነው።

«ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ አንደኛ ሆናለች» አለ ጁነይድ፣ ከማስኩ ሥር ድምፁ እየታፈነ። «አሥራ ሰባት ላይ ከሱ ስልክ ተጫነ። ሃያ ላይ ማሽን ተለቀቀ።»

ሦስት ደቂቃ። ወንበሬን ስቤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እዚያ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ወደ ቶኮዛ የሄድነው ሰኞ ነው። ካፒቴኗ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ፣ ሳምሪ ከኋላ። ልመጣ፣ ይቅርታ ልጠይቀው ብላ ለምና ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል።

«ምን ልትዪው ነው?» አልኩ።

«ያገኘሁትን።»

«ካፒቴን፣ ይህን ሰው ትገድዪዋለሽ።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ። የሰጠሁት ደግሞ በእርስዎ አፍ ነው። ፋይሉ እንደ ተፈጥሮ ሞት ይዘጋል፤ ለዳኛ የሚሄድ ነገር የለም። እሱ ግን ጠይቆኛል። ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን ካልነገርኩት እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«እውነት እውነት አትበዪኝ! ሠላሳ አራት ጊዜ የተጫነው ስለሚወዳት ነው! ነገ ራሱን በገመድ ቢያንቅስ?»

«ባልነግረውስ? ዕድሜውን ሙሉ ካሚልን ሲጠላ ይኑር? አንድ ቀን ቢላ ይዞ ቢሄድስ?» መሪውን ጨመቀችው። «እኔም ቀሎኝ አይደለም ባባ።»

በመስታወቱ ሳምሪን አየኋት፤ ጉልበቷን አቅፋ ወደ ውጭ ታያለች። እንግሊዝኛ መስማቷን በንዴቴ ረስቼው ነበር።

ተማም ሱቁን ከፍቷል። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ለአንዲት አሮጊት ደንበኛ ዳቦ እየሰጠ ነው። አሮጊቷ በዙሉ «ማማ ሴሊ የት አለች? ዳነች?» ይሉታል። እሱ ዙሉም እንግሊዝኛም አይችልም፤ ለሱም የምትናገርለት ሰሊማ ነበረች። ራሱን እየነቀነቀ «ዬቦ፣ ዬቦ»፣ አዎ አዎ፣ ይላል። ጠጋ ብዬ በዙሉ መሞቷን ነገርኳቸው። ዳቦውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

ከሱቁ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ የዳቦ ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥን። ተማም አንዴ እኔን አንዴ ካፒቴኗን ያያል።

«አገኛችሁት?»

«አገኘሁ» አለች ካፒቴኗ። «ባባ፣ ይንገሩት። መጀመሪያ፣ ካሚል አይደለም። ዝርዝሩን ማየት እንጂ መንካት አይችልም ነበር። እሱም በዚያ ቀን ሰሊማን ለማዳን ሲሞክር ነው የዋለው።»

ነገርኩት። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለ። «ታዲያ ማነው?»

«የሰሊማን ተራ ወደኋላ የገፋው» አለች ካፒቴኗ፣ ዓይኑን እያየች፤ ቀጥላም ጨረሰችው። ሁሉንም ተናገረችው፣ በዝግታ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር። ተራው የኔ ሆነ። «የሰሊማን ተራ ወደኋላ የገፋው...» ብዬ ጀመርኩ። ምላሴ ታሰረ። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ፊቴ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል።

«እኔ ነኝ» አለች ሳምሪ።

ሁላችንም ዞርን።

«ምን አለች?» አለችኝ ካፒቴኗ።

«እኔ ነኝ አለች።»

ካፒቴኗ ሳምሪን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጭኗ ላይ የነበረውን ሦስት ገጽ መዝገብ አጥፋ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «የምትለውን ሁሉ ይተርጉሙልኝ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

«አፑን የፈተንኩት እኔ ነኝ» አለች ሳምሪ። እያለቀሰች ነው፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ሰው ሲበዛበት ምን እንደሚሆን መፈተን ነበረብኝ። አልፈተንኩም። ሳልፈትን ጥሩ ነው ብዬ ፈርሜ ለቀቅኩት። በዚያ ምክንያት የሰሊማ ተራ እየዘለለ ወደኋላ ሄደ። ሌላ ማንም የለበትም። የኔ ጥፋት ነው ወንድሜ።»

ይሰድባታል ብዬ ነበር። ይመታታልም ብዬ ሳጥኔን ጠጋ አድርጌ ነበር። ተማም ግን ዝም ብሎ ነው ያያት። ልጅነቷን ነው መሰለኝ ያየው።

«ታውቂያት ነበር?»

«አላውቃትም ነበር።»

«ስሟንስ አላየሽውም?»

«አላየሁም።»

«እኔኮ ሁልጊዜ ሙሉ ስሟን ነበር የምጽፈው» አላት፤ ቁጣ የለበትም፣ ሊያስረዳት ነው የሚፈልገው። «እስከ አያቷ። ሌላ ሰሊማ መስላቸው ይሆናል እያልኩ።»

ሳምሪ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ተማም ወደኔ ዞረ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ አንድ ነገር ለካፒቴኗ ይንገሩልኝ። ነገ ሰው ባሏ ተዋት እንዳይል። እኔ አልተውኳትም። በግራ እጄ እጇን ይዤ በቀኜ ስጫን ነው የዋልኩት። መልስ ሲጠፋ ደግሜ፣ ሲጠፋ ደግሜ። እሷ እንኳ "ተማሜ ስልኩን አስቀምጠውና ትንሽ አጫውተኝ" አለችኝ፤ ቆይ ብያት ተጫንኩ። እስከ መጨረሻው አላረፍኩም። ይህቺን ትጻፍልኝ።»

አስተረጎምኩ። እንዴት እንደተናገርኩት እግዜር ነው የሚያውቀው። ካፒቴን ራዴቤ ደብተሯን አወጣች፤ ብዕሯ ሁለቴ እምቢ ብሏት በሦስተኛው ያዘ።

«ጻፈችው?» አለኝ ተማም።

«ጻፈችው» አልኩት።